«ዕጢ» የሚለው ቃል በፕሮስቴት ሕመሞች አሰያየም ላይ ያስከተለው ችግር

የሕክምና ቃላት አሰያየም ከሌሎች የሙያ ቃላት አሰያየም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቃሉን በመጨረሻ የሚሰማው ባለሙያው ሳይሆን ሕመምተኛው መሆኑ ነው። የመሣሪያ ስም ቢያሻማ ዕቃውን አይቶ ማረም ይቻላል፤ በሰውነት ውስጥ የተሰወረ አካል ስም ቢያሻማ ግን ሰሚው ቃሉን ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በዚህ ረገድ ስለ ወንዶች የሽንትና የፕሮስቴት ሕመሞች በአማርኛ ሲጻፍ የሚዘወተሩትን ጥቂት ቃላት እንመረምራለን።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ፣ ሽንት ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቧንቧ የከበበ፣ ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን የሚያመነጭ የወንዶች አካል ነው። በወጣት ሰው ክብደቱ 20 ግራም ያህል ይሆናል። በአማርኛ በብዛት «የፕሮስቴት ዕጢ» ይባላል። ዕጢ ፈሳሽ የሚያመነጭ አካል ነውና ስያሜው በሙያው ዐይን ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቃሉ በሕዝቡ አነጋገር ሌላ ፍቺም አለው። «አንገቱ ላይ ዕጢ ወጣበት»፣ «የጭንቅላት ዕጢ ተገኘበት» ሲባል በጤነኛ ሰው ላይ የማይኖር እድገት ማለት ነው። ስለዚህ «የፕሮስቴት ዕጢህ አድጓል» የተባለ ሰው ማንኛውም ወንድ ያለው አካል መግዘፉን ሳይሆን ክፉ በሽታ እንደ ያዘው አድርጎ ይረዳል። «ዕጢው ዱብ አለ» የሚለው ፈሊጥ ለእንዲህ ያለው ድንጋጤ የተበጀ ይመስላል።

ጉዳቱ ግን ከድንጋጤ ያልፋል። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮስቴት መግዘፉ የተለመደ ነው። ይህ መግዘፍ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የሚነሳው ቧንቧውን ከከበበው ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ ሽንትን ያውካል። ካንሰሩ ግን በአብዛኛው ከውጨኛው ክፍል ስለሚጀምር በጅማሬው ምልክት ላያሳይ ይችላል። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ «ዕጢ» መጥራት ካንሰር የሌለበትን ያስፈራል፤ «ሽንቴ ደኅና ነው፣ ዕጢ የለብኝም» የሚለውን ደግሞ ያዘናጋል።

ለካንሰሩ «ነቀርሳ» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። «የሳንባ ነቀርሳ» የቲቢ ስም ሆኖ ኖሯልና፤ ቲቢም ፕሮስቴትን ሊያጠቃ ይችላል። «የሽንት ቧንቧ»ም እንዲሁ ነው። ከኩላሊቶች ወደ ፊኛ የሚወርዱት ሁለቱ ቧንቧዎችና ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣው አንዱ በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። ፕሮስቴት የሚከበው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ስሞቹ ቢቸግሩም ግሦቹ ሀብታሞች ናቸው። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው መጠይቅ ሰባት የሽንት ምልክቶችን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 5 በመመዘን እስከ 35 ነጥብ ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ የሽንት መደጋገም፣ ሌላው ሽንትን ለማቆየት መቸገር ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል» ቢላቸው መጠይቁ ይበላሻል፤ «ይመላልሳል» እና «ያጣድፋል» ቢል ግን ማንም አይሳሳትም። ለቀሩትም «ይቆራረጣል»፣ «ይቀጥናል»፣ «ያስምጣል»፣ «ያለቀ አይመስልም»፣ «ሌሊት ያስነሳል» የሚሉት ከሕዝቡ አፍ የማይርቁ ናቸው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን፦

ሀ) አካሉ «ፕሮስቴት» ብቻ ይባል። ከግሪክ የመጣው ይህ ቃል «ከፊት የቆመ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ከተለመደ ወዲህ አዲስ ስም መፈለግ አያሻም።

ለ) ካንሰር ያልሆነው እድገት «የፕሮስቴት መግዘፍ»፣ ክፉው «የፕሮስቴት ካንሰር»፣ ቁስለቱ «የፕሮስቴት ብግነት» ይባል።

ሐ) የቧንቧዎቹ ስም «የኩላሊት ቧንቧ» እና «የሽንት መውጫ ቧንቧ» ተብሎ ይለይ።

«ዕጢ» ከዚህ ስፍራ ከወጣ ለታይሮይድና ለሌሎቹ የተሰጠው አገልግሎት ይናጋል የሚሉ ይኖራሉ። ወጥነት መልካም መሆኑን አንክድም። ሆኖም አሻሚው ፍቺ በእነዚያም ላይ ሲያሳስት ከታየ መመርመር የሚገባው የቃሉ አገልግሎት በሙሉ ነው። መዝገበ ቃላት ወጥ የሚሆነው አንድ ቃል በሁሉም ስፍራ ስለገባ ሳይሆን በገባበት ስፍራ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሲያሳውቅ ነው።