ቆቦ ተኝታ ያለቀ ስብሰባ

ቆቦ ላይ «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ካሉዎት ነገሩ ቀላል ነው፤ ፀሐይ በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ካለች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነው ማለት ነው። ፀሐይዋ ሳትከርር ሥራውን ማጋመስ ለሚፈልግ የራያ ቆላ ሰው ከዚህ የተሻለ አቆጣጠር የለም። ጣጣው የሚመጣው ያው «ሁለት ሰዓት» በስልክ ተጽፎ ባሕር ሲሻገር ነው። የጠዋቱ ነው የማታው? የሐበሻው ነው የፈረንጁ? የቆቦው ነው የዋሽንግተኑ?

ዛሬ የአገር ልጅ የሚሰባሰበው በቴሌግራም ነው። አብሮ አደጉም፣ መርዶ ነጋሪውም፣ መዋጮ ሰብሳቢውም እዚያው ነው። እሰየው! ግን ጨዋታው የሚሞቀው መቼ ነው? አሜሪካ ያለው ወንድማችን ቅዳሜ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «በሉ እንወያይ» ይላል። ቆቦ ያን ጊዜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አሜሪካኖቹ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ 11 ይሆናል። የቆቦው ሰው ነግቶ ስልኩን ሲከፍት የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚታደስ፣ ገንዘቡም በማን እጅ እንደሚገባ ተወስኖ ይጠብቀዋል። ከሥሩም «ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል» የምትል ማሳረጊያ አለች። እንዴ! ሰውየው እኮ ዝም አላለም፤ ተኝቶ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በሰዓት ላይ እንዳንደፈድፈው ደግሞ ጅዳን እንይ። ጅዳና ቆቦ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የደቂቃ ልዩነት እንኳ የላቸውም። ሆኖም በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ስልኳን የምታነሳው የአሠሪዎቿ እቃ ታጥቦ፣ ልጆቻቸው ተኝተው ሲያልቅ ነው። እሷም ከውይይቱ የለችም። መዋጮው ላይ ግን አለች! ስለዚህ ልዩነቱ የሰዓት ብቻ ሳይሆን የፋታም ነው። ፋታ ያለው ይናገራል፤ የተናገረውም «የሕዝቡ ድምፅ» ይባላል።

ይህ በትምህርት ቤት ጣሪያ ቢያበቃ ባልከፋ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ አካባቢ እንደገና ሲቀሰቀስ ስለ ከተማዋ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲያወራ ያደረው አብዛኛው ከሩቅ ያለው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እንዲሁ። የነዋሪው አፍ ሲዘጋ የሩቁ አፍ ይሰፋል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በፓምፕ ስቦ የሚያለማው ገበሬ መብራት ሲጠፋ ውኃውም ስልኩም አብረው ይደርቁበታል። ያን ቀን ምን እንደሚያስፈልገው ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይሉ የለ አባቶቻችን!

ውጭ ያለው ወገን ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እሱም የሚያርፈው ያቺኑ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ገንዘቡንም በላቡ ነው ያመጣው። ቢሆንም ገንዘብ መስጠት የሰውን ቃል መውሰድ አይደለም። ራያ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት ያላት አገር ናት። ሽማግሌ አንደኛው ወገን ሳይቀርብ ፍርድ ልስጥ ቢል ማን ይሰማዋል? ስልክ ላይ ስንሆን ይህ ወግ የት ገባ?

መላው አይጠፋም። እሁድ በቆቦ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በዋሽንግተን እንደ ወቅቱ የጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው ትንሽ ማልዶ ይነሳ፤ ለአገር ጉዳይ አይበዛበትም። ለጅዳዋ እህታችንና ኔትወርክ ለጠፋበት ገበሬ ደግሞ ውሳኔው አንድ ሳምንት ይደር። የድምፅ መልእክት ትላክ፤ እሱም ኔትወርክ ሲያገኝ ይመልስ። ትምህርት ቤቱ በሳምንት ውስጥ ጥሎን አይሄድም።