ስህተት የሚመስል ምስጢር፦ «ማይሃውስ» የት ላይ ደበቀው?

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ቤት በከረመ ጊዜ አንድ ጌም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩለትና ምንም ሳልነግረው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ተራ ቤት ነው የሚታየው፤ ሳሎን፣ ኩሽና፣ ደረጃ፣ መኝታ ክፍል። ልጁ ጭራቆቹን ገደለ፣ ቁልፎቹን ለቃቀመ፣ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። 20 ደቂቃ ያህል እንደቆየ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና «አክስቴ፣ ላፕቶፕሽ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ሙዚቃው አንድ ዓይነት ሆኗል» አለኝ።

ላፕቶፑ ደህና ነበር።

ጌሙ «ማይሃውስ» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ «ማይሃውስ ዶት ዋድ» ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ቬጅ በሚል ስም የሚጠራ አድናቂ ለ«ዱም 2» የሠራው ማፕ ነው። ዱምን ለማታውቁት፦ በ1993 ኢድ ሶፍትዌር ያወጣው፣ ዓለሙን በተኳሹ ዓይን የምታዩበት የተኩስ ጌም ነው። ማፖቹ ከጌሙ ኢንጂን ተለይተው ዋድ በሚባል ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ ማንም ሰው የራሱን ማፕ ሠርቶ ማስገባት ይችላል። አድናቂዎች ይህንን ሲያደርጉ እነሆ 30 ዓመት አለፋቸው። ከነሱ ሥራ ውስጥ ስለ ምስጢር አደባበቅ ብዙ ያስተማረኝ ማይሃውስ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ አበሳጭቶኛል። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፤ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማይሃውስን ገና ካልተጫወታችሁትና መጫወት ካሰባችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትታችሁ ጌሙን ተጫውታችሁ ተመለሱ። የምሬን ነው።

አሁን ወደ ኢንጂኑ እንግባ፤ እሱን ሳታውቁ የቤቱ ጥበብ አይገባችሁም።

የዱም ማፕ እንደ ቤት ፕላን በወረቀት ላይ የተሳለ ነገር ነው። በመስመር የታጠሩ ቁርጥራጭ ቦታዎች አሉት፤ ሴክተር ይባላሉ። አንድ ሴክተር አንድ የወለል ከፍታና አንድ የጣሪያ ከፍታ ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ በጥንቱ ዱም አንዱን ክፍል በሌላው አናት ላይ መሥራት አይቻልም። ፎቅ ቤት የለም ማለት ነው! ፎቅ የሚመስል ነገር ካያችሁ ሠሪው ጎን ለጎን አስቀምጦ አታሏችኋል።

ምስጢርስ እንዴት ይቆጠራል? ማፕ ሠሪው አንዱን ሴክተር 9 ቁጥር ይሰጠዋል፤ በቃ። ተጫዋቹ እዚያ ገብቶ እግሩ ወለሉን ሲነካ ኮዱ አንድ ይደምርለትና ሁለተኛ እንዳይቆጠር 9ኙን ያጠፋዋል። በአየር ላይ እያለ ቢያልፍበት ግን አይቆጠርለትም። ማፑ ሲያልቅ ከገደላችሁት ጭራቅና ከሰበሰባችሁት ዕቃ ጋር ያገኛችሁት ምስጢርም በመቶኛ ይነገራችኋል። ተጫዋቾች 100 ለማስገባት ግድግዳውን ሁሉ እየተደገፉ «ክፈት» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ያድራሉ።

ይቺ «እግሩ ወለሉን ሲነካ» የምትለዋ ሕግ አንድ አስቂኝ ታሪክ አላት። በዱም 2 15ኛ ማፕ ላይ ጆን ሮሜሮ የሠራው አንድ ምስጢር ያረፈው ተጫዋቹን ወደ ሌላ ስፍራ በሚወረውር ቴሌፖርተር ላይ ነው። ልትረግጡት ስትሉ ይወረውራችኋል፤ ወለሉን አትነኩትም። ጌሙ ከወጣበት ከ1994 ጀምሮ ያለ ማጭበርበሪያ ኮድ እዚያ ማፕ ላይ 100 ማስገባት አይቻልም ተብሎ ተተወ። በ2018 ግን ዜሮ ማስተር የሚባል ተጫዋች አንድ በራሪ ጭራቅ እንዲገፋው አድርጎ እዚያች ቁራጭ ወለል ላይ አረፈ። ከ24 ዓመት በኋላ! ሮሜሮ ራሱ በይፋ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል።

ሌላም አለ። በ1996 በወጣው «ቲኤንቲ፦ ኢቪሉሽን» 31ኛ ማፕ ላይ ቢጫው ቁልፍ በስህተት በቡድን ለሚጫወቱ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ተቀምጧል። ብቻውን የሚጫወት ሰው በሩን የሚከፍትበት የለውም። ዱም በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው፤ የተሳሳተ የግድግዳ ሥዕል፣ የማይከፈት በር፣ የማይደረስበት ምስጢር። ተጫዋቾቹም ከጊዜ ብዛት አንድ ልማድ አወጡ፤ ግራ የሆነ ነገር ሲያዩ «ስህተት ነው» ብለው ያልፉታል። ይቅርታ ማድረግ ለመዱ።

ማይሃውስ ምስጢሩን የደበቀው እዚሁ ይቅርታ ውስጥ ነው።

ማፑ የመጣው ከአንድ ደብዳቤ ጋር ነው። ጸሐፊው ልጅነቱን አብሮት ያሳለፈ ጓደኛው እንደሞተ፣ በጓደኛው ዕቃ መካከል አሮጌ ማፕ የያዘ ፍሎፒ ዲስክ እንዳገኘ፣ ለመታሰቢያውም አድሶ እንዳወጣው ይናገራል። ይሄ ደብዳቤ ራሱ የጌሙ አካል ሆኖ ነው የሚሠራው። አንብባችሁት ስትገቡ ልባችሁ ቀድሞ ለስልሷል። ታዲያ የሐዘንተኛ ሥራ ላይ ማን ስህተት ይለቅማል? ሙዚቃው ትንሽ ቢንገዳገድ፣ በር ከቦታው የተንቀሳቀሰ ቢመስል «አማተር ነው፣ ጓደኛውንም አጥቷል» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ጥርጣሬ የሚገባው ግን ከመጀመሪያው ነው። ቤቱ ፎቅ አለው፤ ደረጃውን ስትወጡ ከሳሎኑ በላይ ናችሁ። አሁን የነገርኳችሁን ሕግ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። «እንዴ! ይሄ በዱም አይቻልም እኮ።» መልሱ ድምፅ አልባ ቴሌፖርት ነው። የጥንቱ ቴሌፖርት በአረንጓዴ ብልጭታና በድምፅ ነው የሚያዛውራችሁ። ማይሃውስ የሚሠራበት ጂዚዱም የሚባለው ዘመናዊ ኢንጂን ግን ምንም ሳያሳይ፣ የምታዩበትን አቅጣጫ እንኳ ሳይቀይር፣ ቁርጥ ተመሳሳይ ወደ ሆነ ሌላ ቅጂ ሊወስዳችሁ ይችላል። ቤቱ አንድ አይደለም፤ በፕላኑ ላይ በርካታ መንትዮች ተደርድረዋል። ስትወጡና ስትገቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሸጋገራላችሁ፤ እያንዳንዱ መንትያ ደግሞ ከፊተኛው በጥቂቱ ይለያል።

እንዴት አናስተውልም? ሥነ ልቦና ለዚህ ስም አለው፤ ለለውጥ መታወር ይባላል። ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን በ1998 ባሳተሙት ታዋቂ ሙከራ አንድ ሰው መንገደኛ አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቃል። እያወሩ ሳሉ ሁለት ሰዎች ትልቅ በር ተሸክመው በመሃላቸው ያልፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጠያቂው በሌላ ሰው ይተካል። ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሰውየው እንደተቀየረ ሳያውቁ ወሬያቸውን ቀጠሉ። አእምሯችን የምናየውን ሁሉ አይመዘግብም፤ «ቅድም የነበረው ነው» ብሎ ይቀበላል። ማይሃውስም በር ነው የሚጠቀመው፤ ከፍታችሁ ስታልፉ ከኋላችሁ ያለው ይለወጣል።

ሙዚቃው ደግሞ ይብሳል። የሚጀምረው የዱም ተጫዋች ሁሉ በሚያውቀው በዱም 2 የመጀመሪያ ማፕ ዜማ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሰባበራል፣ ኖታዎቹ ይወድቃሉ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን የጠረጠረው ለዚህ ነው። ቤቱን ከመጠርጠር ማሽኑን መጠርጠር ይቀላል።

እንቆቅልሽ ስንጫወት ያደግን ሰዎች የጥሩ እንቆቅልሽ ምልክቱን እናውቃለን። መልሱን ስትሰሙ «አሃ፣ ፊቴ ነበረ እኮ!» ካስባላችሁ አገር መስጠቱ አይቆጫችሁም። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት እንደዚያ ነው። በጥንቱ ዱም መስታወት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ራሳችሁን የሚያሳያችሁ መስታወት መኖሩ ብቻውን ፍንጭ ነበር። አልፋችሁት ሄዳችኋል። በኋላ ግን በመስታወቱ ውስጥ ማለፍ እንደሚቻል ስታውቁና ሁሉ ነገር የተገለበጠበት ቤት ውስጥ ስትቆሙ፣ ወደኋላ አስባችሁ በራሳችሁ ትስቃላችሁ። 9 ቁጥር የተለጠፈበት ሴክተር እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ስለ ውጊያው ብዙ የምለው የለኝም። እንደ 1997ቱ «ሄል ሪቪልድ» ያሉ በጭካኔያቸው የታወቁ የአድናቂ ማፖች ከዚህ በብዙ ይከብዳሉ። ማይሃውስ የሚያስቸግረው በጥይት አይደለም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ቤቱ ከራሱ ሲወጣ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ የሕፃናት ማቆያ አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያስፈራል፤ በተለይ ባዶነቱ። ወደ ጥሩው ፍጻሜ ለመድረስ ግን የተበታተኑ ዕቃዎችን እየዞራችሁ መልቀም አለባችሁ፤ የት እንዳሉ ለማወቅም አስተዋይነት ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ተጫዋች ከሌሎች ግኝት ካልተበደረ አይደርስበትም። ያ ሁሉ ጥበብ ዞሮ ዞሮ የመቶኛ ቆጠራ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ቤቱ «ያየኸውን ታምናለህ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነበር፤ አሁን «ስንት ሰበሰብህ?» ይለኛል። ሐዘኑም ይሳሳል። ጓደኛውን ያጣ ሰው ቤት ውስጥ ሆኜ የጎደለኝን ዕቃ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

የሚከራከረኝ አለ። ማርክ ዳኒኤሌቭስኪ በ2000 ያሳተመው «የቅጠሎች ቤት» የተሰኘ ልቦለድ፣ ውስጡ ከውጪው ስለሚሰፋ ቤት የሚተርክ፣ ለዚህ ማፕ መነሻ ሆኗል። እሱም አንባቢውን በግርጌ ማስታወሻ ያንከራትታል፤ መንከራተቱ ራሱ ትርጉሙ ነው ይላሉ። ከማፑ ጋር አብሮ የተሰጠው ማስታወሻ ደብተርም ሰዎች ተሰባስበው እንዲመረምሩት የታሰበ ይመስላል። ይሁን። ግን መጽሐፍ ሲያንከራትተኝ ገጹ እጄ ላይ ነው፤ እዚህ የሚያንከራትተኝ የሌላ ሰው ቪዲዮ ነው።

ቪዲዮ ካልኩ አይቀር ጥፋቴን ልናዘዝ። ማይሃውስን ያወቅሁት ፓወር ፓክ የተባለው ዩቲዩበር ከሠራው ረጅም ዘገባ ነው። ግሩም ሥራ ነው፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያየሁት። በኋላ ራሴ ልጫወት ስቀመጥ ግን ምንም ነገር ማረኝ ብሎ የሚለምነኝ አልነበረም። ሙዚቃው ሲሰበር «እ፣ እዚህ ጋ ነው» አልኩ። ደረጃውን ስወጣ ቴሌፖርቱን አሰብኩ። በሩ ሲለወጥ ጠበቅሁት። ቤቱ እኔን ለማታለል የነበረው አንድ ዕድል ነበር፤ እሱንም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በስልክ ጨርሼዋለሁ።

ለዚህ ነው ልጁ አጠገብ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩት። «ደህና ነው፣ ቀጥል» አልኩት። ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። ጥቂት ቆይቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ እንደገና ወደ ፊት። «ቆይ ቆይ... ይቺ በር ቅድም ነበረች?»

አልመለስኩለትም። እስከ ማታ ጎንደርንም ሐረርንም ሰጥቶኛል። መስታወቱን ግን እስካሁን ልብ አላለውም።