ገዳዩን የሚደብቅ ሕዝብ ሲጠፋ

የወንጀል ድራማ ለሚጽፍ ሰው እንከን ከሌለው ሥራ ይልቅ ስፌቱ የሚታይ ሥራ ይጠቅመዋል። እኔ ደጋግሜ የማየው «ኢሬዝድ» የተባለውን የጃፓን አኒሜ ነው። የኬይ ሳንቤን ማንጋ (የሥዕል ታሪክ) መሠረት አድርጎ ቶሞሂኮ ኢቶ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በፉጂ ቴሌቪዥን የታየ ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳቶሩ 29 ዓመቱ ነው፤ የማንጋ ሥራው አልሳካ ብሎት ፒዛ ያመላልሳል። እናቱ ቤቱ ውስጥ ተወግታ ትገደላለች፤ ፖሊስ የሚያሳድደው እሱኑ ነው። ሲሸሽ ድንገት ወደ እ.ኤ.አ. 1988 ይመለስና ሆካይዶ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ይገኛል። የክፍሉ ልጅ ካዮ ሂናዙኪ በቅርቡ ታፍና እንደምትገደል ያውቃል። ተከታታዩን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ከዚህ በኋላ ገዳዩን እናገራለሁ።

የሥራው ጉልበት ካዮ ናት። እናቷ ትደበድባታለች፤ እሷም ሰው እንዳይጠጋት አንደበቷን ታከርራለች። ሳቶሩ ልደቷን አክብሮላት፣ አደጋው አለፈ ብለን እፎይ ስንል፣ በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ይሆናል። ጀግናው ለፍቶ ሳይሳካለት እንዲቀር መፍቀድ ብዙዎቻችን የማንደፍረው ነገር ነው። እዚህ ግን ውድቀቱ፣ ሳቶሩ ዳግም ወደ 1988 ተመልሶ ለሚያደርገው ሁለተኛ ሙከራ ተመልካቹን እውነተኛ ፍርሃት ያሲዘዋል፤ ልጆቹ ካዮን አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ሲደብቋትና ሌሊት ሰው ሲመጣ ትንፋሽ ያስይዛል። በስምንተኛው ክፍል ደግሞ ካዮ ሳቶሩ ቤት ታድራለች። ጠዋት የሳቶሩ እናት የሠራችው ትኩስ ቁርስ ይቀርብላታል። ካዮ ታየውና ታለቅሳለች፤ የሚያብራራ ንግግር የለም። እኛ ብንጽፈው፣ እፈራለሁ፣ እናትየው ቢያንስ ሦስት መስመር ምክር ትናገር ነበር።

ችግሩ ገዳዩ ጋ ነው። ገዳዩ የነሳቶሩ ክፍል አስተማሪ ያሺሮ ነው። አሸፋፈኑ በራሱ ብልህ ነው፤ ካዮን ከእናቷ ለማላቀቅ ባለሥልጣናትን የሚያስተባብረው እሱ ስለሆነ ደግነቱ ራሱ ጭምብሉ ይሆናል። ነገር ግን ጭምብል የሚሠራው ሌሎች ፊቶች ሲኖሩ ነው። እስቲ ቁጠሯቸው፦ በካዮ ግድያ በሐሰት የሚወነጀለው ዩኪ ንጹሕ መሆኑን ከመጀመሪያው ተነግሮናል፤ የካዮ እናት ጨካኝ ብትሆንም የምንፈልገው ሰው አይደለችም። ከዚያ ወዲያ በቅርብ የምናውቀው አዋቂ ወንድ ማን ቀረ? መምህሩ ብቻ። ተመልካቹ ፍንጭ ሳይሰበስብ በማጣራት ብቻ ይደርስበታል። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ወይም አንድ ተወዳጅ ጎረቤት፣ የየራሱ ጉድ ይዞ ቢገባ ይበቃ ነበር። ጥርጣሬን ማካፈል የመርማሪ ድራማ ደራሲ የመጀመሪያ ግዴታው ነው፤ ደራሲዎቹ ግን ፍቅራቸውን ሁሉ ለልጅቷ ሰጥተው ለጥርጣሬ አልተረፋቸውም።

በአሥረኛው ክፍል ያሺሮ ሳቶሩን መኪና ውስጥ አስሮ ውሃ ውስጥ ይሰደዋል፤ ሳቶሩ ከ15 ዓመት በኋላ ከሰመመን ይነቃል። ከዚያ የቀሩት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ማንጋው ሰፋ አድርጎ ያስኬደውን ፍልሚያ በጥድፊያ ይጨርሱታል፤ ገዳዩ ለምን ገዳይ እንደሆነም ሳንረዳው የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ እንደርሳለን። ሳቶሩ ከዚያ ሲወድቅ ከታች የሚቀበለው መከላከያ ፍራሽ ተዘጋጅቶ መገኘቱ ለእኔ ማምለጫ እንጂ መፍቻ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲዋ የዩኪ ካጂዩራ ሙዚቃ ስሜቱን ሊያድን ይሞክራል፤ ሴራውን ግን ሙዚቃ አያድነውም።

ገዳዩን ለመፈለግ የሚያየው ሰው ይከፋዋል። ልጅቷን ለማዳን የሚያየው ግን እስከ ዘጠነኛው ክፍል ድረስ በአኒሜ ካየኋቸው ሁሉ የላቀ የተከታታይ ጽሑፍ ያገኛል።