የግራ ተመላላሹ ማን ነው?

በዚህ ዓምድ መጽሐፍ ስተች የለመዳችሁኝ አንባቢዎች ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ። የምተቸው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። «ምነው ሰውየው፣ በዚህ ዕድሜው!» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ሥነ ጽሑፍ ለዓመታት ያስተማረ ሰው አንድ ልማድ አይለቀውም፤ ሰዎች ተመስጠው የሚያነቡትን ነገር ካየ እሱም ገልጦ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ልጆቻችን ደግሞ ይኼን ጨዋታ ከመጫወት አልፈው እያነበቡት ነው።

ጨዋታው ፉትቦል ማኔጀር ይባላል። ኮልየር የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ1992 ቻምፒዮንሺፕ ማኔጀር በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2004 ነው። እንደ ፕሌይስቴሽን ቤቶቹ ጨዋታ በጣት ኳስ አያስመታም። አሠልጣኝ ያደርጋችኋል። ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ አሰላለፍ ታወጣላችሁ፤ ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያካሂደዋል። እናንተ ዳር ቆማችሁ ጥፍራችሁን ትበላላችሁ። ውጤት ከጠፋ ትባረራላችሁ።

የሥራው ብርታት ያለው በስም ዝርዝሩ ላይ ነው። የዓለም ኮከቦችንማ ማንም ይዘረዝራል። ይኼ ጨዋታ የእንግሊዝን አራተኛ እርከን፣ ከዚያም በታች ያለውን ሰው የማያውቀውን ተቀያሪ ተከላካይ ሳይቀር በስሙ ይጠራዋል። ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 20 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለፍጥነቱ፣ ለቅብብሉ፣ ለዝላዩ፣ ለድፍረቱ ሳይቀር። በልብ ወለድ ቋንቋ ብናገር፣ ሻይ አቅርቦ የሚጠፋው አላፊ ገጸ ባሕርይ እንኳ ስም፣ ዕድሜና ጠባይ የተሰጠው ድርሰት ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ ደራሲ ብዙ አላነበብኩም።

ዲላ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ ቡድኑን አሳየኝ። የያዘው አክሪንግተን ስታንሊን ነው። ስለ አንድ የግራ ተመላላሽ ሲያወራ ስለ ታናሽ ወንድሙ የሚያወራ ይመስላል። «ቲቸር፣ ይኼ ልጅ ክሮሱ 14 ነው። ችግሩ ድፍረቱ 6 ናት፤ ሰው ሲመጣበት ይሸሻል። ቀስ እያልኩ አስተካክለዋለሁ» አለኝ።

«እሺ፣ የዲላ ከተማ የግራ ተመላላሽስ ማን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «እሱን እንኳ አላውቅም ቲቸር። የት አገኘዋለሁ ብለው ነው?»

ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልኝ።

ይህን የሚሰማ ብዙ ሰው ይቆጣል። «ትውልዱ በባዕድ ፍቅር ተለክፏል» ይላል። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለውን ተረትም ያክልበታል። ተረቱ እውነት ነው፤ እዚህ ቦታ ግን አልሠራም። ልጁ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተውን ዲላ ከተማን አልናቀም። በሴቶች ፕሪምየር ሊግ ከንግድ ባንክ ጋር ሜዳ የገባውን ጌዴኦ ዲላንም አልናቀም። አክሪንግተንን በእግሩ አልረገጣትም፤ ዘመድ የለው፣ ወዳጅ የለው። የወደደው የተጻፈለትን ነው። ያልተጻፈውን ከየት አምጥቶ ይውደድ?

ለመሆኑ ማን ጻፈለት? የጨዋታው ባለቤቶች ለንደን ቁጭ ብለው የዓለምን ተጫዋች ሁሉ አላዩም። በየአገሩ መረጃ የሚሰበስቡላቸው ሰዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹም የሰፈራቸውን ክለብ በየሳምንቱ የሚያዩ ደጋፊዎች ናቸው። በብርድ ሜዳ ዳር ቆመው የተቀያሪውን ድፍረት 6 ብለው የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ይኼ የደጋፊ ማስታወሻ ተከማችቶ የት ደረሰ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2008 ኤቨርተን ተጫዋች ለመመልመል በዚሁ መዝገብ ሊጠቀም ከኩባንያው ጋር ተስማማ። ለቀልድ የተጀመረው የክለብ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ከአፍሪካ ግን ለብዙ ዓመታት ከነሊጉ ተሟልቶ የገባው የደቡብ አፍሪካው ብቻ ነው።

ነገሩ ኮምፒውተር ሳይመጣም ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ኩቨር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ልብ ወለድ ሄንሪ ዋው የሚባል ብቸኛ የሒሳብ ሠራተኛ አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ በሦስት ዳይስ የቤዝቦል ሊግ ያካሂዳል። ተጫዋቾቹን ሁሉ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ውጤታቸውንና ታሪካቸውን በመዝገብ ይጽፋል። አንድ ቀን ዳይሱ ተንከባለለና ከሁሉ የሚወደውን ወጣት ተጫዋች ገደለበት። ሰውየው እውነተኛ ሐዘን ተቀመጠ። ያልነበረ ልጅ እንዴት ይለቀሳል? መልሱ መዝገቡ ውስጥ ነው። ሰው ስሙን የጻፈለትን፣ ቀኑን የቆጠረለትን ያዝንለታል።

አሁን ወደ ጨዋታው ጉድለት ልምጣ። በ2001/02ው ዕትም ላይ ቶ ማዴይራ የሚባል የፖርቱጋል የታችኛው ሊግ አጥቂ ነበረ። የገዛው ሁሉ ዋንጫ በላ። በኋላ ሲጣራ እንዲህ ያለ ተጫዋች በምድር ላይ የለም፤ መረጃ እንዲሰበስብ የታመነው ሰው በራሱ ሥልጣን ያስገባው ኖሯል። ከዚያም በላይ፣ በጨዋታው ውስጥ ዓመታት ሲያልፉና አንጋፋዎቹ ጫማ ሲሰቅሉ ኮምፒውተሩ አዳዲስ ወጣቶችን ከነስማቸው ይፈጥራል። ያልተወለዱ ልጆች ዲላ ባለ ላፕቶፕ ላይ ግብ ያገባሉ፤ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ዲላ ሜዳ ላይ የሮጠች ልጅ ግን የለችም። በዚህ መዝገብ ሕግ መኖር ማለት መጻፍ ነው።

ነጥቡም ቢሆን ሁሉን አይዝም። የእኛ የታችኛው ሊግ ተጫዋች ኑሮ ከ1 እስከ 20 በሚል መስፈሪያ አይሰፈርም። ደመወዝ ለወራት ሲዘገይበት እያደረ የሚለማመደውን ልጅ ትዕግሥት ስንት ትሉታላችሁ? ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ በማግስቱ ዘጠና ደቂቃ የሚሮጠውንስ? ጨዋታው የክለብ ዕዳ ያውቃል፤ የተጫዋቹን የቤት ኪራይ አያውቅም።

ሆኖም ጎደሎ መዝገብ ከባዶ ገጽ ይሻላል። የከፋ ጉዳት ያለው ባዶው ላይ ነው። ጉልበቱ የተሰበረ የታችኛው ሊግ ተጫዋች ሥራ ፍለጋ ሲሄድ «ኳስ ተጫዋች ነበርኩ» ከማለት በቀር የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ሌላ ክለብ ሊገባ ሲል ስንት ጨዋታ እንደተጫወተ የሚመሰክርለት ደላላ ነው፤ ደላላ ደግሞ የሚመሰክረው ለኮሚሽኑ ነው። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ እ.ኤ.አ. በ2019/20 ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ስትሆን ስሟ በአገር ተሰማ፤ ለፍታበታለች፣ ይገባታልም። እዚህ ሳለች ኳስ ያቀበሏትን ልጆች ግን ማን ይጠራቸዋል?

ይህን ጌዴኦ ውስጥ ቆሞ ማሰብ የተለየ ነው። ቱቱ ፈላ ወይም ጨልባ ቱቲቲ የሄደ ሰው ትክል ድንጋዮቹን አይቷል። ጠርበው አቁመዋቸዋል፤ አንዳንዱ ላይ ምልክት ቀርጸውበታል። ለማን እንደቆሙ የሚናገር ስም ግን የለባቸውም። ተመራማሪ ይቆፍራል፣ ይገምታል። በሌላ በኩል የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን ከቡናና ከዛፍ ጋር አጣምሮ ያበጀው መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻው ከመመዝገቡ በፊት ለብዙ ትውልድ ነበር። ዓለም በስሙ የጠራው ግን ሰዎች ተቀምጠው ለክተው፣ ቆጥረው፣ ጽፈው ካቀረቡት በኋላ ነው።

እናም ትችቴን በአንድ ሐሳብ ልቋጭ። ወጣቶቹን ላፕቶፕ ዝጉ አልልም። የሰለጠኑበትን ዓይን ወደ ሜዳው ያዙሩት ነው የምለው። አንድን ተመላላሽ በሃያ መስፈርት መመዘን የለመደ ልጅ ለሰፈሩ ክለብ ትልቅ ሀብት ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ቁጥር የሚያጠናም፣ ቋንቋ የሚያጠናም ሞልቷል። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ለአንድ የውድድር ዓመት ይበቃል። ማን ተሰለፈ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን አቀበለ፣ ማን ተጎዳ። የዳኛው ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ደብተሩ ከሰው እጅ ይገኛል።

«ማን ያነበዋል?» ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ የልጁ እናት ታነበዋለች። ቀጥሎ አሠልጣኙ፣ ከዚያ ሊገዛው የሚመጣ ክለብ። ማንም ባያነበው እንኳ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁ ራሱ «ነበርኩ» ሲል ደብተሩ «አዎ፣ ነበርክ» ይለዋል።