ቆላ የት ነው? በሰሜን ግርጌ የግጥምን ቋንቋ ስለማስተማር

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ አንድ የፈተና ጥያቄ አለ። «ከዚህ በታች በቀረበው ግጥም ውስጥ የሚገኙትን የዘይቤ ዓይነቶች ለይታችሁ ጻፉ» ይላል። ተማሪ ሳለሁ መልሼዋለሁ፤ መምህር ከሆንኩም በኋላ መጀመሪያ ዳባት፣ ቀጥሎም ደባርቅ ውስጥ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያስረሳ፣ በክፍል ውስጥ ካጋጠመኝ በመነሣት ለመመርመር ይሞክራል። ጠያቂው እኔ ስለነበርኩ ወቀሳው በቅድሚያ የሚያርፈው በራሴ ላይ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ለጉዳዩ መግቢያ እንዲሆን ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ዳባት የወገራ፣ ደባርቅ ደግሞ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ተራሮች ደጃፍ ናት። ከደባርቅ ወጣ ሲሉ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርድና ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይገባል። የደጋው ጎልማሳ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለቀን ሥራ ይወርዳል፤ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ አለ፣ ወባና ካላዛር ይዞ የሚመለስ አለ፣ ጭራሹን የሚቀርም አለ። ስለዚህ «ቆላ» የሚለው ቃል ለዚህ አገር ልጅ የጂኦግራፊ ትምህርት ቃል ብቻ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና ሁለት ስንኝ አቀረብኩ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ያጠኑት መልስ እንዳይኖራቸው ብዬ ራሴ የገጠምኩት ስለሆነ በግጥምነቱ የሚመሰገን አይደለም፦

የደጋ ገብሳችን ሳይታጨድ ሳይበላ፣
ሊማሊሞን ወርዶ ሆዴን ይዞት ቆላ።

ልኬቱ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ የሚሄደው የወል ቤት ነው። ለእርማት ያዘጋጀሁት መልስም አጭር ነበር፦ ቆላ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ቆላ አገር፣ ወርቁ «ሆዴን ቆላው፣ አቃጠለው» የሚለው ነው። ይህን የጻፈ አምስት ከአምስት ያገኛል። ከሰባ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዲህ ያለ መልስ ለእርማት እጅግ ይመቻል፤ ይህን ጥቅሙን አልክድም።

አንዲት ተማሪ ግን «ኅብረ ቃል» የሚል ቃል ሳትጽፍ ገጹን ሞላችው። ገብስ የሚቆላው ታጭዶ ተወቅቶ ነው፤ ይኼ ገብስ ግን ገና ማሳ ላይ ነው፤ ስለዚህ የተቆላው ገብሱ ሳይሆን ሴትዮዋ ናት አለች። ቀጠለችና «ቆላ አገር ከሆነ ግጥሙ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ወርዶም ይዞትም ቦዝ ናቸው፤ ሰውየው ወርዶ ቀረ» ብላ ጻፈች። አንድ ከአምስት ሰጠኋት።

ወረቀቱ በተመለሰ ማግሥት መጥታ «ቲቸር፣ ስሙን አልጻፍኩትም፤ ግን ያልኩት ምኑ ላይ ተሳሳተ?» አለችኝ። ወረቀቱን እንደገና ሳነበው የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ስንኙን ስገጥም ያላየሁትን ነገር አይታለች። ቃሉን ግሥ አድርገን ስናነብ ዓረፍተ ነገሩ ታስሮ ያልቃል፤ ሐዘኑም መቋጫ ያገኛል። የቦታ ስም አድርገን ስናነብ ግን ሁለቱም ቦዞች ማሰሪያቸውን እንደጠበቁ ይቀራሉ፤ የሄደውም ሰው አልተመለሰም። ይህ የሰዋስው ነገር ነው፤ ነገር ግን የግጥሙ ስሜት ያለው እዚሁ ሰዋስው ውስጥ ነው። የእኔ መልስ ሰሙን ጠርቶ ጥሎታል፤ የእሷ ግን ሰሙ ላይ ቆይቷል። ነጥቡን አስተካከልኩላት፤ «ኅብረ ቃል» የሚለውንም ከጎኑ ጻፍኩላት፤ ስሙንም ማወቅ ስላለባት።

ይህ አጋጣሚ ሰምና ወርቅ የሚለውን አነጋገር ራሱን እንድጠረጥር አድርጎኛል። ዘይቤው የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፦ ሰሙ ቅርጹን ይይዛል፣ በሸክላ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በቦታው ይፈስሳል። እንግዲህ ምሳሌው በራሱ ሰም ለመጣል የተሠራ ነው የሚል ትምህርት አብሮ ይዞ መጥቷል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን በዚህ ስም ከሰየመ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከግጥም አልፎ የሕዝብ ጠባይ መግለጫ እስከመሆን ደርሷል፤ ይህ ግን ሌላ ክርክር ነው። ለክፍላችን ያተረፈልን «ወርቁን አውጣ» የሚል ትእዛዝ ነው። ተማሪው ወርቁን እንዳወጣ እርሳሱን ያስቀምጣል።

የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ይረዳል። የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ያጠናል፣ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያም በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አበጅቶ በየኔታ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ያርማል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ያስበጃል። ተማሪው ሰም ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሲሠራው ነው፤ ሰሙ በአገባቡ ካልቆመ ወርቁ የሚያርፍበት የለውም። ከዚህ ሥርዓት ወደ ዘመናዊው ክፍል የወሰድነው ስሙን ብቻ ነው፤ መሥራቱንና መታረሙን እዚያው ትተነዋል። በርግጥ የቅኔ ቤትን እንዳለ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ማምጣት አይቻልም፤ ቋንቋውም ግእዝ ነው፣ ጊዜውም ዓመታት ነው። ሁለት ስንኝ አስገጥሞ ማረም ግን አርባ ደቂቃ ይበቃዋል።

ይህን ስል የዘይቤ ስሞች ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። መንግሥቱ ለማ በ1963 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዚያም በኋላ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» እና የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ባይኖሩ ኖሮ ስለ ግጥም በአማርኛ የምንነጋገርበት ቃል ባጠረን ነበር። ጥፋቱ የመጻሕፍቱ ሳይሆን የአጠቃቀማችን ነው፤ ምዕራፉን ትተን ዝርዝሩን ብቻ ወስደናል። በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲ ስም የሌላቸውን ግጥሞች ለካምብሪጅ ተማሪዎች ሰጥቶ የጻፉትን አስተያየት በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ ከመዘገባቸው ችግሮች የመጀመሪያው ተማሪዎቹ የግጥሙን ግልጽ ፍቺ እንኳ መያዝ አለመቻላቸው ነበር። በእኛ አነጋገር ችግራቸው ሰሙ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሌላው በክፍል ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው ጉዳይ የማጥበቅና የማላላት ነገር ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ገና» ብሎ የተጻፈው ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል፤ «ይሰማል» አንዱ የሚያዳምጥ፣ ሌላው የሚደመጥ ነው። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቃል ባገኙ ቁጥር ኅብረ ቃል አገኘን ይላሉ። እኔ ግን አንዱን ቆሞ እንዲያነብ፣ ሌሎቹን ደብተር ዘግተው እንዲያዳምጡ ማድረግ ጀመርኩ። አንባቢው አፉን ሲከፍት ይመርጣል፤ አድማጩም አንዱን ብቻ ይሰማል። እንግዲያው አሻሚነቱ የገጣሚው ነው ወይስ የፊደሉ? «ቆላ» ከዚህ ይለያል፤ አገሩም ግሡም በአንድ ድምፅ ጠብቀው ስለሚነገሩ ጆሮም ዓይንም እኩል ይጠራጠራሉ። ለገጽ የሚጽፍ የዘመናችን ገጣሚ የዓይኑን አሻሚነት ሆን ብሎ ሊጠቀምበት ይችላል፤ አዝማሪም ድምፁን ከማሲንቆው ጋር ሲያስረዝመው ጥብቀቱን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ሕግ ለማውጣት አልቸኩልም። ሆኖም በዓይን የሚገኘውንና በጆሮ የሚገኘውን ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራት ትንተና አይመስለኝም።

ወደ ንጽጽር ልለፍ። «ልጅቷ እንደ ጅብራ አበበች» የሚል ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከተማ ያደጉት ወዲያው «ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ልጅቷን ያመሰግናል» አሉ። ዘይቤውን በትክክል ጠርተዋል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ራሱን ነቀነቀ። ቤተሰቡ፣ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አጠገብ ሲሠፍሩ አብሮ የመጣ ነው። «ጅብራ አንዴ ነው የሚያብበው፤ ካበበ ይደርቃል» አለ። በግጭና በጭነቅ ከፍታ ያለውን ጅብራ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለዓመታት ቆይቶ ረጅሙን የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ከዚያም ይሞታል። ምስጋና የመሰለን ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ መርዶ ሆነ። የዘይቤው ስም በሁለቱም ንባብ ያው ተነጻጻሪ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ተክሉን ማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ንጽጽር ስጠይቅ አስቀድሜ የማስጽፈው የተነጻጸረበትን ነገር ጠባይ ነው። የከተማው ተማሪ በዚህ ይጎዳ ይሆናል የሚል ስጋት አለኝ፤ ነገር ግን ባሕር አይቶ የማያውቀው የደጋ ልጅ ስለ ማዕበል በተገጠሙ ግጥሞች ስንት ዓመት ተፈትኗል?

እስካሁን ያልኩት በጸጥታ ዘመን የሚባል ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ገብቶ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ፤ በዚያም ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ስንጀምር ከዓመት ዓመት እሰጠው የነበረውን «ከአካባቢያችሁ የሰማችሁትን ሙሾ ጽፋችሁ አምጡና ዘይቤውን ተንትኑ» የሚል የቤት ሥራ ሳልሰጥ ቀረሁ። ከለቅሶ ቤት የመጣን ልጅ የእናቱን ቃል ለነጥብ አምጣ ማለት አልቻልኩም። በዚህ መምህር ሁሉ ይስማማኛል ብዬ አላስብም።

አንድ ከዳባት ገጠር የመጣ ተማሪ ግን ሳልጠይቀው ጽፎ አመጣ። የጻፈውን እዚህ አላሰፍረውም፤ የእሱ ነው። ከክፍል ውጭ ተቀምጠን አነበብነው። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ «አንተ» ትለዋለች፣ ለምን እንደዘገየ ትጠይቀዋለች። እኔም በልማድ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማናገር እንቶኔ እንደሚባል ነገርኩት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «እንዳለ አድርጋ አይደለም እኮ፤ እየጠራችው ነው» አለኝ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንቶኔ የሚለው ስያሜ ተናጋሪው ሰሚው እንደሌለ አውቆ የሚናገር መሆኑን አስቀድሞ ወስኖ ይጀምራል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ግን ይህ ገና አልተወሰነም፤ ሙሾው የሚባለው እስኪወሰን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጁ ያመጣውን ወረቀት ደግመን ስናየው እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ «አንተ» ሲባል የቆየው በመጨረሻ ወደ «እሱ» ይዞራል። ያንን መዞሪያ ያገኘው እሱ ነው፤ በጣቱ አሳየኝ። መሞቱ የታመነው እዚያ ላይ ነው ማለት ነው። የቋንቋ ትንተና ሐዘንን ያረክሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያረክስ የነበረው ግን ቸኩሎ የሚለጠፈው ስያሜ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ቢሆንም የቤት ሥራውን አልመለስኩትም። ራሱ የሚያመጣ አለ፣ የማያመጣም አለ።

የፈተናውን ጥያቄ ግን ለውጬዋለሁ። አሁን «ከግጥሙ አንድ ቃል አውጥታችሁ ልኬቱን ሳታፈርሱ ሌላ ቃል ተኩ፤ ምን እንደጠፋ ጻፉ» የሚል ነው። ለእርማት ከድሮው ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ከባልደረቦቼ ጋር ነጥብ ስናነጻጽርም ያጨቃጭቃል፤ ሁለት መምህራን ለአንድ መልስ አንድ ዓይነት ነጥብ የሚሰጡበትን መንገድ ገና አላገኘሁም።

ባለፈው ጊዜ ያችኑ የድሮ ስንኝ መልሼ አቀረብኳት። ብዙዎቹ «ቆላ»ን አውጥተው «ሄደ» አስገቡ፤ ቤት አለመምታቱን፣ ዓረፍተ ነገሩ መታሰሩንና ገብሱ ሥራ መፍታቱን አንዳንዶቹ ጻፉ። አንዱ ግን «ቆላ»ን ሳይነካ ከመጀመሪያው ስንኝ «ገብሳችን»ን አውጥቶ «ጤፋችን» አስገባ። ልኬቱ አልፈረሰም። ከሥር «ጤፍ ቆሎ አይሆንም፤ ስለዚህ ቆላ አገር ብቻ ሆነ» ብሎ ጻፈና በቅንፍ «ደግሞ ደባርቅ ደጋ ላይ ጤፍ ማን ዘራ?» ብሎ ጨመረበት።