ያልተከፈለ የሕክምና ሂሳብና የክሱ ወጪ

በሕክምና ሙያ ላይ የተሰማራን ሰዎች ስለ ክፍያ መነጋገር አንወድም፤ የሂሳብ ጉዳይ ከታካሚው ሕይወት አንጻር አነስተኛ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ሂሳብ ክፍል ውስጥ፣ ምላሽ ባጡ የክፍያ መጠየቂያዎች ፋይል ውስጥ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ የግል ክሊኒክ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዱቤ ያክም ነበር። ሂሳቡ ከአንድ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ደብዳቤዎቻችንም መልስ አላገኙም። በመጨረሻ ያማከርነው ጠበቃ ገንዘቡ እንደሚገባን አረጋገጠልን፤ ነገር ግን የዳኝነት ክፍያው፣ የጠበቃ አበሉና ምልልሱ ሲደመር የምናገኘውን አብዛኛውን እንደሚበላው አስረዳን። ክሱን ተውነው። ዕዳውን ያሰረዘው የማስረጃ ጉድለት አልነበረም፤ የመጠየቂያው ዋጋ ነው።

በሕጋችን ላይ የማቀርበው ትችትም ከዚህ ይነሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ሌላ መጠን ካልወሰኑ በቀር የገንዘብ ዕዳውን ያዘገየ ባለዕዳ በዓመት 9 በመቶ ወለድ እንዲከፍል ይደነግጋል (ቁጥር 1751 እና 1803)። በ1958 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ወጪና ኪሳራን ማን እንደሚሸፍን መወሰንን ለፍርድ ቤቱ ይተዋል (ቁጥር 462)። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን የክሱን ወጪ በቅድሚያ የሚያወጣው ከሳሹ ነው፤ የሚመለስለትም ከረታ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ በፈቀደው መጠን ነው። ዕዳው ከፍተኛ ለሆነበት ድርጅት ይህ ይቻል ይሆናል። በብዙ ትናንሽ ሂሳቦች ለተበተነ የክሊኒክ ዕዳ ግን መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የመንግሥት የጤና ተቋማት ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ከጸደቀ ወዲህ በተዘረጋው አሠራር መሠረት የመክፈል አቅም የሌላቸው ወገኖች የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዘው ይታከማሉ፤ ወጪያቸውን የሚተካው የአካባቢያቸው አስተዳደር ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ተቋሙ አስቀድሞ አክሞ በኋላ እንዲከፈለው በሚያደርግ ውል ላይ የቆመ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ሆስፒታሉ ወረዳውን ይከሳልን? ሁለቱም የመንግሥት ናቸውና ነገሩ ከደብዳቤ አያልፍም። ገንዘቡ ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ነው የሚሉ አሉ። ለታካሚው ግን ኪሱ ይለያል፤ የሆስፒታሉ ውስጥ ገቢ መድኃኒት ይገዛልና።

በአውሮፓ ኅብረት የተለየ መንገድ ተመርጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዘገየ ክፍያ መመሪያ የመንግሥት አካላት በ30 ቀናት፣ የሕክምና አገልግሎት የሚሰጡት ደግሞ ቢበዛ በ60 ቀናት እንዲከፍሉ ያዛል። ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ ወለድና ቢያንስ 40 ዩሮ የማስከፈያ ወጪ ይታሰባል፤ ተገቢ የሆነ ተጨማሪ የጠበቃ ወጪም ሊጠየቅ ይችላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በስፔን የካስቲያና ሊዮን ክልል የጤና አስተዳደርን በሚመለከት ጉዳይ ላይ፣ 40 ዩሮው ለእያንዳንዱ ያልተከፈለ ሂሳብ እንደሚታሰብ ወስኗል። እርግጥ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ጣሊያን የመንግሥት አካሎቿ የክፍያ ጊዜውን እንዲያከብሩ ባለማድረጓ ግዴታዋን እንዳልተወጣች ፈርዷል። ቁም ነገሩ የመዘግየቱን ዋጋ የሚሸከመው ያዘገየው ወገን መሆኑ ነው።

እኛም አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርብንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ቀነ ገደቡ በማለፉ ብቻ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንደዘገየ እንዲቆጠር አስቀድመው እንዲስማሙ ይፈቅዳል (ቁጥር 1775)፤ የጉዳት ኪሳራውንም መጠን በውሉ እንዲወስኑ ያስችላል (ቁጥር 1889)። የዱቤ ሕክምናና የጤና መድን ውሎች የመክፈያ ቀን፣ ወለድ፣ ለእያንዳንዱ ሂሳብ የተወሰነ የማስከፈያ ወጪ እንዲሁም በሂሳቡ ላይ ለሚነሳ ክርክር አጭር የማጣሪያ ጊዜ ቢኖራቸው ብዙው ክስ ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

ግዴታው በእኛም ላይ እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ያልተሟላ ካርድ፣ ፊርማ የጎደለው ማዘዣና ዘግይቶ የተላከ ሂሳብ ለከፋዩ በቂ ሰበብ ነው። ወለድና መቀጫውም ከሕዝብ ገንዘብ የሚወጣ ስለሆነ ዓላማው መቅጣት ሳይሆን በጊዜው ማስከፈል ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ማኅበራችን ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አባላት የሚጠቀሙበት የውል ናሙና ቢያዘጋጅ ለሙያው ብቻ ሳይሆን ለታካሚውም ይበጃል። በሽተኛው ሲመጣ ነገ ተመለስ አንለውም፤ ስለ እርሱ የሚከፍለውም አካል እኛን ነገ ተመለሱ እያለ ዓመት ሊያሳልፍ አይገባም።