ከስልጠና መልስ ያለችው ቅዳሜ

መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ማሰልጠን ሲያምራቸው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ይዘውት ይወርዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ፕሮጀክተር ላይ ማፍጠጥ፣ በየሻይ ዕረፍቱ ኬክ፣ ማታ ማታ የአበል ወሬ። አርብ ከሰዓት ሰርተፍኬት ይታደልና ሚኒባሱ የፍጥነት መንገዱን ይይዛል። ቃሊቲ ሲደረስ መኪናው መንፏቀቅ ይጀምራል፤ ቢሆንም ነገ ቅዳሜ ነው።

ኳስ በየትኛውም ሳምንት ይታያል። አምስት ቀን ተጎልቶ ለከረመ ሰው ግን ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ መጮህ ራሱ ስፖርት ነው። «ጠጋ በሉልኝ» ብሎ አግዳሚው ላይ መሸጎጥ፣ የመግቢያ ሂሳብ የሚሰበስበው ልጅ በሰው እግር መሀል ሲሽሎከለክ፣ የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ጨዋታው ሳይጀመር ሲናቆሩ! ጎል ሲቆጠር የማያውቁት ሰው ያቅፍዎታል። ስልጠናው ላይ «የቡድን መንፈስ» ተብሎ ግማሽ ቀን የተወራለት ነገር እዚህ በመግቢያ ዋጋ ይገኛል።

እሑድ ማለዳ ደግሞ መስቀል አደባባይ። ሯጮቹ ደረጃውን ቀጥ ብለው አይወጡትም፤ አንዱን እርከን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠው ወደሚቀጥለው ይሸጋገራሉ፣ እንዲያ እየተጠማዘዙ እስከ ላይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኑ አይዘንጋ። የሆቴሉ ቡፌ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ገና ሦስተኛው እርከን ላይ ጎን ይወጋል። አጠገብዎ ሽው ብላ ያለፈችው ልጅ ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀች ይሆናል፤ እርስዎ የሚሮጡት ለፍርፍሩ ነው። የስልጠናው ሪፖርት ሰኞ ይደርሳል።